ማርያም በስንት ናት? ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለአንድ ድርጅት ላመልክት አስቤ ኢንተርቪውው በእንግሊዝኛ ነው ስላሉኝ ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ በኦንላይን ስማር ቆየሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው 25 አዳዲስ ቃላት ይሰጠናል። ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። ሳነበው ሁሉንም አውቀዋለሁ። ልናገር ስል ግን አንዱም አይመጣልኝም። ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማውም። ጭንቅላቴ ነው እንዴ ችግሩ? ወይስ ዕድሜዬ አልፎ ነው? ቀጣዩን ደረጃ ልክፈል ወይስ ልተወው? ስለ ማርያም ብለው ይመልሱልኝ።»

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ መቼም አትቀየሚኝም። ስለ ማርያም ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ እኔም በእሷው ልጀምር። ማርያም በስንት ናት? በ21። ሚካኤልስ? በ12። ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27። ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት አንቺ መልሰሽ ጨርሰሻል።

ይህን ማን አስተማረሽ? ደብተር ገዝተሽ፣ በግራ የቅዱሱን ስም በቀኝ ቀኑን ጽፈሽ አጥንተሻል? አላጠናሽም። ጠዋት ቡና ሲፈላ አንድ ሰው «ዛሬ ማን ነው?» ይላል። አንቺ «ገብርኤል» ትያለሽ። ተሳስተሽ እንደሆነ እናትሽ «ኧረ ገብርኤል ትናንት ነበር!» ትልሻለች። በወሩ ደግሞ ይኸው ጥያቄ ይመለሳል። በዓመቱ ከአሥር ጊዜ በላይ ከጭንቅላትሽ አውጥተሽዋል። ጽዋ ማኅበር ካለ ደግሞ ቀኑ ከነድግሱ ነው የሚታወስሽ።

እንግዲህ ጭንቅላትሽ ደህና ነው። 29 ዓመትም ለቃላት የሚያልፍ ዕድሜ አይደለም። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ጀምረው ጥሩ የተናገሩ ሰዎች አስተምሬያለሁ። ችግሩ ቃሉ ወደ አንቺ የሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

«ሳነበው ሁሉንም አውቀዋለሁ» ያልሽው አባባል ውስጥ ነገሩ ሁሉ አለ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው ታያለሽ። መልኩን ታውቂዋለሽ፤ የት እንዳየሽውም ትዝ ይልሻል። ስሙ ግን አይመጣም። አንድ ሰው አጠገብሽ ሆኖ «አበበ ነው እኮ» ቢልሽ «አዎ! አበበ!» ትያለሽ። ማወቅሽ እውነት ነው። ግን ያወቅሽው ሲያሳዩሽ ነው። ደብተርሽም የሚያደርግልሽ ይህንኑ ነው፤ ቃሉንም ትርጉሙንም ጎን ለጎን ያሳይሻል፣ አንቺም «አውቀዋለሁ» ብለሽ ታልፊያለሽ። ኢንተርቪው ላይ ግን ማንም አያሳይሽም። ራስሽ ነሽ የምታወጪው።

ይህን በደንብ የፈተሹ ሁለት ተመራማሪዎች አሉ፤ ካርፒክ እና ሮዲገር። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ለአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር ሰጧቸው። ገሚሶቹ አንድን ቃል አንዴ ካስታወሱት በኋላም ደጋግመው ራሳቸውን እንዲፈትኑበት ተደረገ። ሌሎቹ አንዴ ካስታወሱት በኋላ ማጥናቱን ቀጥለው ፈተናውን ተዉት። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ የመጀመሪያዎቹ ከመቶ 80 ያህል አስታወሱ። ሁለተኛዎቹ 35 አካባቢ። እኔን ያስገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ ሁለቱም ወገኖች የገመቱት ተመሳሳይ ነበር፤ ግማሽ ያህል። ሰው ሲማር የትኛው አጠናን እየጠቀመው እንደሆነ አይታወቀውም ማለት ነው። አንቺም ደብተር ስትሞይ የተማርሽ የመሰለሽ ለዚህ ነው፤ አይፈረድብሽም።

አሁን ክፍሉን ራሱን እንየው። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ እኔ ቤት አርፎ በዙም ሲማር አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፎታል። ካሜራው ዝግ፣ ድምፁ ሚውት። መምህሩ ስላይድ አሳየ፤ «ሪላክታንት» ይላል፣ ከጎኑ በአማርኛ «ፈቃደኛ ያልሆነ»። መምህሩ «ሪላክ...» ብሎ ተቆረጠ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ስትዞር ቆየች። ሲመለስ አራት ቃላት አልፏል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ገለበጠ። መጨረሻ ላይ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» አለ። ቻቱ ላይ «ኖ ሰር፣ ኖ ሰር፣ ኖ ሰር» ተደረደረ። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል፤ ተዘጋ። ቡና ቀረበ። «ያቺ ፈቃደኛ ያልሆነ የምትለዋ ቃል ማን ነበረች?» አልኩት። ጣሪያውን አየ፣ አየ፣ አየና፣ «በሪ ትጀምራለች» አለኝ።

ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም እኮ። ግን በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ልጁ አንዴም አፉን አልከፈተም። ደብረ ማርቆስ ክፍል ውስጥ ቢሆን ዝም ያለውን ተማሪ መምህሩ ያየዋል፤ «አንተ ከኋላ ያለኸው» ይለዋል። በኦንላይን ዝምታ አይታይም። ይሉኝታ ላለበት ሰው ደግሞ፣ እኛ ጋ የሌለበት ማን አለ፣ ከዚህ የተመቸ መደበቂያ የለም።

ደግሞ ትርጉሙን ተመልከቺ። «ፈቃደኛ ያልሆነ» አለው። እናቴ ጎረቤት ምጣድ ሊዋስ ሲመጣ «እሺ ውሰዱ» ትላለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ነገር ይላል። ፈቅዳለች፣ ግን ቅር እያላት ነው። «ሪላክታንት» ማለት ይህ ነው። ስላይዱ ላይ የተጻፈው ትርጉም እናቴን ፈጽሞ ከለከለች ያሰኛታል። አንድ ቃል በአንድ ቃል ስትተረጉሚ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥምሻል። «ቅር እያላት እሺ አለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሆን ኖሮ ቃሉም ትርጉሙም በቦታቸው ይቀመጡ ነበር።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽና። 25 ቃል በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት፤ 900 ቃል ነው። ብዙ ነው። ማይክል ዌስት የሚባል ሰው በ1953 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በጣም የሚደጋገሙ 2000 ያህል ቃላትን ዝርዝር አውጥቶ ነበር። እነዚህን ብቻ ያወቀ ሰው ተራ ጽሑፍ ሲያነብ ከአሥር ቃል ስምንቱን ያህል ያውቃል። አንቺ 900ውን በምርጫ ይዘሽ ቢሆን ግማሽ መንገድ ሄደሽ ነበር። ግን ከደብተርሽ ፎቶ አንስተሽ በላክሽልኝ ገጽ ላይ «ፖርኪዩፓይን» አለ። ጃርት። እህቴ፣ ለሂሳብ ሥራ ኢንተርቪው ጃርት ምን ይረባል?

መምህሩን አልወቅስም፤ የዱር እንስሳትን በአንድ ማታ፣ ቀለማትን በሌላ ማታ ማስተማር የተለመደ ነው፤ ለማዘጋጀትም ይቀላል። ለመማር ግን አይቀልም። ቶማስ ቲንካም በ1993 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በትርጉም የሚመሳሰሉ አዳዲስ ቃላት አንድ ላይ ሲጠኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ የማይመሳሰሉት በተሻለ ይያዛሉ። «ሌፍት» እና «ራይት»ን በአንድ ቀን የተማረ ልጅ ከዓመት በኋላም እጁን እያየ ነው የሚመልሰው።

ለአንቺ ከሁሉ የሚከፋው ግን «ቦሮው» እና «ሌንድ» ነው። ይህን ሳያምታታ ያለፈ ተማሪ ትዝ አይለኝም፤ ምክንያቱም የአማርኛ ልጆች ነን። እኛ ሥሩ አንድ ነው፦ አበደረ፣ ተበደረ። አዋሰ፣ ተዋሰ። አስተማረ፣ ተማረ። መጀመሪያው ላይ «አ»፣ «አስ» ወይም «ተ» ስናደርግ ሰጪና ተቀባይ ይለያሉ። እንግሊዝኛ ግን ለሰጪው አንድ ቃል፣ ለተቀባዩ ፍጹም የማይገናኝ ሌላ ቃል ያመጣል። የተበደረው «ቦሮው» ነው፣ ያበደረው «ሌንድ»። ጭንቅላትሽ አንድ ሥር እየፈለገ ሁለት ቃል ስለሚሰጡት አንዱን ያነሳና ለሁለቱም ይጠቀምበታል። መላው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ «ቦሮው»ን ብቻ ያዢ። ሁለት ሳምንት «ከባንክ ተበደርኩ» እያልሽ ተጠቀሚበት። እስኪሰለችሽ። ከዚያ «ሌንድ»ን አስገቢ።

የሂሳብ ሰው በመሆንሽ ሌሎችም ይጠብቁሻል። እኛ ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ እንግሊዝኛ አይቆርጥም፣ «ኢሹ» ያደርጋል። «ከት» ብለሽ ከተናገርሽ መቀስ ይታያቸዋል። እኛ ብር እንመነዝራለን፣ እነሱ «ቼንጅ» ያደርጋሉ። እኛ ሂሳብ እንዘጋለን፤ እዚህ ላይ ደስ ይበልሽ፣ እነሱም «ክሎዝ» ይላሉ። መብራትን ግን «ኦፕን» ብለሽ እንዳታበሪ። ስለዚህ «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ብቻውን አታጥኚ፤ ደረሰኝ ምን ይደረጋል የሚለውን አብረሽ ያዢ። ቃል እንደ ሰው ነው፣ ከማን ጋር እንደሚውል ካላወቅሽ አታውቂውም።

በነገራችን ላይ ሳታውቂው የያዝሻቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አሉሽ፦ ቻርጅ፣ ኮፒ፣ ኔትወርክ፣ ጃኬት። ግን ተጠንቀቂ፤ ፈረንጅኛ የመሰለ ሁሉ እንግሊዝኛ አይደለም። መኪና፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ካቻቢቴ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ቢሮ ከፈረንሳይ ነው። ላጲስ ደግሞ የባሰ ነው፤ በጣሊያንኛ እርሳስ ማለት ሆኖ ሳለ እኛ ጋ ሲደርስ የእርሳስ ማጥፊያ ሆነ። አንድ ተማሪዬ እንግሊዛዊት እንግዳ ፊት «ጊቭ ሚ ላጲስ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ቀርቷል።

አሁን ስለ ድምፅ። ኔትወርክ ይቆራረጣል ብለሻል። ያልሰማሽው ቃል የት ይቀመጣል? በቀጭን መስመር መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ፉጨት መሰል ድምፆች ናቸው። የተራ ስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ነበር የሚያሳልፈው፤ የ«ስ» ጉልበት አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ዙም ከዚያ የተሻለ ያሳልፋል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ግን ጥራቱ ይወርዳል። በዚያ ላይ «ሦስት» በእንግሊዝኛ ምላስ በጥርስ መሀል ተደርጎ የሚወጣ ድምፅ አለው። እኛ ጋ የለም። ስለዚህ አንዳችን «ስሪ»፣ አንዳችን «ትሪ» እያልን እንጽፋለን።

ለአንቺ አደገኛው ግን «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ነው። 15 ሺህ እና 50 ሺህ ብር። ልዩነቱ 35 ሺህ ነው፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር ነው! ብዙ ተማሪ ልዩነቱ መጨረሻዋ «ን» ብቻ ይመስለዋል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ደግሞ እሷም ልትጠፋ ትችላለች። እንግሊዞቹ ግን በ«ን» ብቻ አይለዩትም። በ15 ላይ ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ «ቲን» ይረዝማል። በ50 ላይ ጉልበቱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ «ቲ» አጭር ሆና ትቀራለች። እኛም የራሳችን አለን። «አለ» ስታላይው ተናገረ ማለት ነው፤ ስታጠብቂው ደግሞ መኖሩን ይናገራል። ፊደላችን ይህን አይጽፍም፤ ጆሯችን ነው የሚለየው። የእንግሊዝኛንም ጉልበት ፊደላችን አይጽፍም። ደብተርሽ ላይ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ስትጽፊ ይህ ሁሉ ይጠፋል። እኔም እዚህ በፊደል የጻፍኩልሽ ለዓይንሽ እንዲቀል ብዬ ነው፤ አፍሽ ከድምፅ ይማር።

ምን ታድርጊ? አንድ የብስኩት ካርቶን ፈልጊ። ውስጡን በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ክፈይው። ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ሰው በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ ከብር ይልቅ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ከ900ው ቃል 200 ብቻ ምረጪ፤ ለሥራሽ የሚሆኑትን፣ ራስሽን ለማስተዋወቅ የሚሆኑትን። በቀን ስምንት አዲስ ካርድ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በአምስት ሳምንት ያልቃል።

ካርዱ ላይ በፊት በኩል የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «ማኅበሩ ለገበሬዎቹ ብር አበደረ»። በጀርባው እንግሊዝኛውን። ልብ በይ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ነው። አንቺ የምትፈልጊው መናገር ነውና። ካርዱን ታነሺያለሽ፣ እንግሊዝኛውን ጮክ ብለሽ ትያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትገለብጪው። ካልመጣልሽ ቶሎ አትገልብጪ። እስከ አሥር ቁጠሪ። ያ የሚያስጨንቅ ዝምታ፣ «አፌ ላይ ነው እኮ» የምትይው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ካወቅሽው ካርዱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ ካላወቅሽው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንደኛውን ክፍል በየቀኑ ታያለሽ፣ ሁለተኛውን በሁለት ቀን፣ ሦስተኛውን በአራት፣ አራተኛውን በስምንት፣ አምስተኛውን በ16 ቀን። ይኸው፣ ሚካኤልና ማርያም በወር በወሩ እንደሚመለሱት ማለት ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ባሳተመው ጥናት መርሳት በመጀመሪያው ቀን እንደሚከፋ፣ ከዚያ በኋላ ግን እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ የዛሬውን ካርድ ነገ ማየት ግድ ነው። ከነገ ወዲያ ብለሽ ካሳደርሽው አብዛኛውን አጥተሻል።

ካርቶን አይመቸኝም ካልሽ «አንኪ» የሚባል አፕ አለ። በአንድሮይድ ነጻ ነው። ካርዱ አንዴ ስልክሽ ላይ ከገባ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ቀኑንም ራሱ ይቆጥርልሻል። እኔ ግን ካርቶኑን እመርጣለሁ። ስልክ ከያዝሽ ቲክቶክ አጠገቡ ነው።

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ቅኔ ቤት የቆየ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው፤ ዋሸራም ይሁን ሌላ ቦታ። ተማሪው ግስ ይሰማል፤ የግእዝ ቃል ከነፍቺው። ሰምቶ ግን አይተኛም። ብቻውን ሜዳ ወጥቶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ በሰማው ግስ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም እዚያው ያቃናለታል። ግሱንም ዝም ብለው አይደረድሩትም። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ እያሉ ስምንት አለቆች አሉት፤ ሌላው በእነሱ ሥር ይረባል። አንቺም «ፔይ»ን ስትይዢ ቤተሰቡን አብረሽ አርቢው፦ ፔይመንት፣ ፔያብል፣ አንፔይድ። እነዚህ እንደ ዱር እንስሳቱ አይጋጩም፤ ሥራቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ስለ ኔትወርኩ፦ ቃላቱን በቀጥታ ክፍል ውስጥ መስማት የለብሽም። መምህሩ የነገውን ቃላት ዛሬ በቴሌግራም ድምፅ ቀድቶ ይላክላችሁ። ድምፅ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ይበላል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስተሽ ብታወርጂው ደግሞ ማንም አይሻማሽም። በክፍል ሰዓት ካሜራ ይዘጋ፣ ስላይድ ይቅር፣ ሰው ይናገር። ከክፍሉ ሁለት ሴቶች ምረጪና ሦስት ሆናችሁ በተራ ስልክ፣ በየተራ እየተደዋወላችሁ፣ በቀን አሥር ደቂቃ አውሩ። ብትሳሳቺ የሚስቁብሽ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ነገ ይሳሳታሉ።

ልክፈል ወይስ ልተወው ላልሽው፦ አሁን አትክፈዪ። አስቀድመሽ ለመምህሩ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት። «መምህር፣ በክፍለ ጊዜ 25 ቃል ይበዛብኛል። ስምንት አድርገው በድምፅ ቢልኩልን፣ በክፍል ደግሞ እያንዳንዳችን በስማችን እየተጠራን በቃሉ ዓረፍተ ነገር ብንሠራበትስ?» እሺ ካለሽ ክፈዪ፤ እንዲህ ያለ መምህር ብሩ ይገባዋል። ቅር እያለው እሺ ካለሽም አንድ ወር ሞክሪው። «ሥርዓተ ትምህርቱ አይፈቅድም» ካለሽ ብርሽን ያዢና አምስቱን ሳምንት በካርቶኑ ጨርሺ፤ ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ። የመረጥሻቸውን 200 ቃላት ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ አይቼ እመልስልሻለሁ።

ጃርቱን ግን አውጪው።